ፋይል ፈላጊ ስክሪፕት «አልተገኘም» ሲል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በድሬዳዋና በሐረር ፎቶ ቤቶች፣ ጽሕፈትና ኮፒ ቤቶች እንዲሁም መዝገብ ክፍሎች ውስጥ ፎልደር ለፎልደር እየዞረ ፋይል የሚፈልግ ስክሪፕት (በተጻፈለት ትእዛዝ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም) ከሚጠቀሙ ሰዎች በየጊዜው የሚመጡ ጥያቄዎች ናቸው፤ የትእዛዝ ስሞቹን በፊደላችን ጽፈናቸዋል፣ ኪቦርድ ላይ ግን በላቲን ፊደል ነው የሚገቡት።

ስክሪፕቱ «አልተገኘም» ካለ ፋይሉ ጠፍቷል ማለት ነው?

አይደለም። ስክሪፕቱ የሚላችሁ «በነገራችሁኝ ቦታ፣ በነገራችሁኝ ስም፣ እንድገባ በተፈቀደልኝ ፎልደር ውስጥ አላየሁትም» ነው። ከሦስቱ አንዱ ከተሳሳተ ፋይሉ ቁጭ ብሎ እያለ «የለም» ይባላል። ስለዚህ ደንበኛውን «ፋይልህ ጠፍቷል» ከማለታችሁ በፊት፣ ሰነዱንም እንደገና መጻፍ ከመጀመራችሁ በፊት፣ ትንሽ ታገሱ።

መጀመሪያ ስክሪፕቱ ሦስት ነገር እንዲያሳያችሁ አድርጉት። ፍለጋውን የጀመረበትን ፎልደር ሙሉ አድራሻ፣ የሚፈልገውን ስም በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ፣ በመጨረሻም ስንት ፋይል እንዳየ። የታየው ፋይል ብዛት 0 ወይም ጥቂት ከሆነ ችግሩ ቦታው ላይ ነው። ብዙ ሺህ ፋይል አይቶ ካጣው ግን ስሙን ጠርጥሩ። ይህቺ ቁጥር ብቻዋን የግማሽ ቀን ልፋት ታድናለች።

ፋይሉ እዚያው ስክሪፕቱ አጠገብ ነው ያለው። ለምን አያገኘውም?

ስክሪፕት የተቀመጠበት ፎልደርና ፍለጋ የሚጀምርበት ፎልደር የተለያዩ ናቸው። አድራሻውን ከመነሻው ሙሉ አድርጋችሁ ካልሰጣችሁት ስክሪፕቱ የሚጀምረው እናንተ ትእዛዙን ከሰጣችሁበት ቦታ ነው። ዊንዶውስ ላይ በታስክ ስኬጁለር (ፕሮግራምን በተያዘለት ሰዓት በሚያስነሳው) ሲነሳ መነሻ ፎልደር ካልተሞላለት ሲስተም 32 የተባለው የዊንዶውስ የራሱ ፎልደር ውስጥ ሆኖ ይጀምራል። ሊኑክስ ላይ ይህንኑ ሥራ በሚሠራው በክሮን ሲነሳ ደግሞ ከተጠቃሚው ሆም ፎልደር ይነሳል። መፍትሔው ሙሉ አድራሻ መስጠት ነው። በፓይተን የምትጽፉ ከሆነ __ፋይል__ በሚለው የስክሪፕቱን ራሱን ቦታ ይዛችሁ ከዚያ መነሳት ትችላላችሁ።

ፍላሽና ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ የምትፈልጉ ከሆነ አንድ ነገር ልብ በሉ። ዊንዶውስ ለዲስኩ የሚሰጠው ፊደል ሊቀያየር ይችላል። ትናንት ኢ የነበረው ዛሬ ሌላ ፍላሽ ቀድሞ ስለተሰካ ብቻ ኤፍ ይሆናል። ስክሪፕቱ ፊደሉን ሳይሆን የዲስኩን ስም አይቶ እንዲይዝ ብታደርጉ ይሻላል።

የፋይሉን ስም ሳላሳስት ነው የጻፍኩት። ሆኖም አያገኘውም።

ዊንዶውስ የሚታወቁ የፋይል ቅጥያዎችን ይደብቃል። ስክሪን ላይ «ማመልከቻ» ብቻ የሚታየው ፋይል ሙሉ ስሙ ከነጥቡ በኋላ ዶክስ የሚል አለው። አንዳንዴም ቅጥያው ሁለት ጊዜ ተደርቦበት ይገኛል፤ ሰው በእጁ ሲጨምር ፕሮግራሙም ይጨምርበታልና። ፋይል ኤክስፕሎረር ላይ ቪው ከሚለው ገብታችሁ የፋይል ቅጥያ እንዲታይ አድርጉ።

ሊኑክስ ደግሞ ትልቅና ትንሽ የላቲን ፊደል ይለያል። ብዙ ካሜራዎች ጄፒጂ የሚለውን ቅጥያ በትልቅ ፊደል ነው የሚጽፉት፤ ስልክና ኮምፒውተር በትንሽ። ፋይንድ በሚባለው የሊኑክስ መፈለጊያ ትእዛዝ ላይ ኔም በሚለው ምትክ አይኔም ብትሉት ልዩነቱን ይተወዋል። ከስም ኋላ የተንጠለጠለ ክፍት ቦታም አለ። ከሌላ ቦታ ኮፒ ተደርጎ የመጣ ስም ይህን ይዞ ይመጣል፣ ዓይንም አያየውም። ስሙን በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አሳዩ ያልነው ለዚህ ነው።

የኮከብ ምልክት ስጠቀም አንዴ ይሠራል፣ አንዴ ስህተት ይላል። ለምን?

ሊኑክስ ላይ ከሆናችሁ ኮከቡን (*) በትእምርተ ጥቅስ ስላላጠራችሁት ነው። ያለ ጥቅስ ከጻፋችሁት ፋይንድ ከማየቱ በፊት ሼሉ (ትእዛዛችሁን የሚቀበለው ፕሮግራም) ራሱ ይተረጉመዋል። ለምሳሌ በኮከብ ፒዲኤፎችን ስትፈልጉ፣ የቆማችሁበት ፎልደር ውስጥ አንድም ፒዲኤፍ ከሌለ ኮከቡ እንዳለ ያልፍና ፍለጋው ይሠራል። አንድ ፒዲኤፍ ካለ ኮከቡ በዚያ ፋይል ስም ይተካል። ያኔ ፋይንድ በየፎልደሩ የሚፈልገው ያንን አንድ ስም ብቻ ነው፣ ስህተት ስለማይል ደግሞ ማንም አይጠረጥርም። ሁለትና ከዚያ በላይ ካሉ ትእዛዙ ይምታታል፣ ስህተት ይወጣል። አሠራሩ በቆማችሁበት ቦታ የሚለዋወጠው በዚህ ምክንያት ነው። ሁልጊዜ በጥቅስ አጥሩት።

ስሙ መሃል ክፍት ቦታ ያለው ፋይልስ?

ያው ነው፣ በጥቅስ አጥሩት። ባሽ (የሊኑክስ ሼል) ላይ ስሙ በተለዋዋጭ (ስክሪፕቱ ስም በሚይዝበት መያዣ) ውስጥ ካለ ተለዋዋጩንም አጥሩት። አለበለዚያ «የቤት ኪራይ ውል» የሚለው አንድ ስም ሦስት ፋይል ሆኖ ይቆጠራል።

ስክሪፕቱ ፋይሉን አግኝቶ ስሙን ያትመዋል። ሊከፍተው ሲል ግን «እንዲህ የሚባል ፋይል የለም» ይላል።

በፓይተን ኦኤስ ዎክ የተጻፈ ስክሪፕት መሆን አለበት። ዎክ በየፎልደሩ ሲገባ የፋይሉን ስም የሚሰጣችሁ ለብቻው ነው፤ ስሙ ላይ አድራሻውን አይጨምርም። ያንን ስም ብቻ ይዛችሁ ክፈት ስትሉት ስክሪፕቱ በቆመበት ፎልደር ይፈልገዋል፣ እዚያ ደግሞ የለም። ዎክ በመጀመሪያ የሚሰጠውን የፎልደር አድራሻ ከስሙ ጋር በጆይን አያይዙት። ወይም ፓዝሊብ ውስጥ ያለውን አርግሎብ ተጠቀሙ፤ እሱ ከነአድራሻው ነው የሚሰጠው።

ዊንዶውስ ላይ አንድ ተጨማሪ ወጥመድ አለ። በወደኋላ ስላሽ (\) አድራሻ ስትጽፉ ከስላሹ ቀጥሎ ትንሿ ኤን ወይም ቲ ከመጣች ፓይተን አዲስ መስመር ወይም ታብ ብሎ ያነባታል። ወደፊት ስላሽ (/) ጻፉ፣ ዊንዶውስ ላይም ይሠራል።

የደንበኛ ፍላሽ ላይ ሾርትከት ብቻ ነው ያለው። ስክሪፕቱም አንድ ሰነድ አላገኘም።

ሾርትከት ቫይረስ ነው። ፋይሎቹ ባብዛኛው አልጠፉም። ቫይረሱ ድብቅና የሲስተም ፋይል የሚል ምልክት ለጥፎባቸው በምትካቸው ሾርትከት አስቀምጧል። አንዳንዱ ዓይነት ደግሞ ሁሉንም ሰብስቦ ስሙ ባዶ በሚመስል ፎልደር ውስጥ ይከታል። ሾርትከቱን በፍጹም አትክፈቱት፤ ወደ እናንተ ኮምፒውተር የሚዛመተው ያኔ ነው። በቅድሚያ በአንቲቫይረስ ፈትሹት።

ከዚያ ስክሪፕቱ የተደበቀውንም እንዲያይ አድርጉ። ፓወርሼል ላይ ጌት ቻይልድአይተም ፎርስ ካልተጨመረለት የተደበቀ አያሳይም። ዲር የሚለው የድሮ ትእዛዝ ደግሞ /ኤ ይፈልጋል። የፓይተን ዎክ ግን ድብቁንም ያያል። ምልክቱን ለማንሳት አትሪብ በሚለው ትእዛዝ ኤችን እና ኤስን በመቀነስ ምልክት፣ ከዚያ /ኤስ እና /ዲ ጨምራችሁ ፍላሹ ላይ አስኪዱት። ደንበኛው ፍላሹን ቤቱ ሌላ ኮምፒውተር ላይ እንደሚሰካው አትርሱ፤ ንገሩት።

«ሐረር» ብዬ ስፈልግ የለም ይላል። ፎልደሩን ስከፍተው ግን ዓይኔ እያየው ተቀምጧል። ምን ጉድ ነው?

እኛን ከሁሉ በላይ የሚያስቸግረን ይሄ ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፉ መመሪያዎች አይነኩትም፣ ስለዚህ ሰፋ አድርገን እንየው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደሎች ቁጥር የሚሰጠው ስርዓት) ውስጥ የገባው በ1999 እንደ ፈረንጆቹ፣ በ3.0 ስሪት ነው። ሲገባ እያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር ይዟል። በአስራ ስድስትዮሽ ቁጥር ሀ 1200፣ ሐ 1210፣ ኀ 1280 ናቸው። ለጆሯችን አንድ የሆኑት ለኮምፒውተሩ ሦስት የማይገናኙ ፊደሎች ናቸው። «ሐረር» ብላችሁ ስትፈልጉ «ሀረር» ተብሎ የተቀመጠውን ስክሪፕቱ አጠገቡ አልፎት ይሄዳል።

አንዱን ስም ብቻ እንውሰድ። «ታኅሣሥ» የሚለውን ኅ፣ ህ ወይም ሕ፤ ሣ ወይም ሳ፤ ሥ ወይም ስ ብሎ መጻፍ ይቻላል። ባጠቃላይ 12 አጻጻፍ ይወጣዋል። «ዓለምፀሐይ» የምትባል ደንበኛ ከመጣች ደግሞ አራት ዓይነት «አ»፣ ሁለት ዓይነት «ጸ»፣ ስድስት ዓይነት «ሀ» ተባዝተው 48 ይሆናሉ። ሦስት ጸሐፊ በሚፈራረቅበት ጽሕፈት ቤት ሁሉም በለመደው ነው የሚጽፈው።

መፍትሔው ከማወዳደራችሁ በፊት ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ መመለስ ነው። ፓይተን ላይ ሜክትራንስና ትራንስሌት ለዚሁ የተሠሩ ያህል ይመቻሉ። ከላይ ያለው ከታች ባለው ይተካል፦

ሐሑሒሓሔሕሖ
ሀሁሂሀሄህሆ

ኀኁኂኃኄኅኆ
ሀሁሂሀሄህሆ

ሠሡሢሣሤሥሦ
ሰሱሲሳሴስሶ

ዐዑዒዓዔዕዖ
አኡኢአኤእኦ

ፀፁፂፃፄፅፆ
ጸጹጺጻጼጽጾ

ሃኣ
ሀአ

ሜክትራንስ የላይኛውና የታችኛው ረድፍ እኩል ፊደል እንዲኖራቸው ይፈልጋል፤ አንድ ፊደል ከጎደለ ስህተት ይላል። ለውጡን በሁለቱም በኩል አድርጉ፣ በምትፈልጉት ስምም፣ ስክሪፕቱ በሚያገኘው ስምም። በአንዱ በኩል ብቻ ካደረጋችሁት ጭራሽ የባሰ ይሆናል። ደግሞም ለማወዳደር ብቻ ተጠቀሙበት። የፋይሎቹን ስም በጅምላ አትቀይሩ። ሰው ስሙ መታወቂያው ላይ እንዳለው ሆኖ እንዲቀመጥለት ይፈልጋል፣ መብቱም ነው።

ለጥድፊያ ጊዜ፣ ደንበኛው ቆሞ እየጠበቀ ከሆነ፣ ፋይንድ ላይ "*[ሀሃሐሓኀኃ]ረር*" ብላችሁ ብትፈልጉ ይይዝላችኋል።

«ድሬዳዋ» እና «ድሬ ዳዋ»ስ? «ቁልቢ» እና «ቁሉቢ»ስ?

ይህን የሞክሼ ሰንጠረዡ አይፈታውም። ለመጀመሪያው፣ ከማወዳደራችሁ በፊት ክፍት ቦታን፣ ሁለት ነጥብን (፡)፣ ሰረዝንና የግርጌ መስመርን (_) ከሁለቱም ስም አውጡ። «ድሬ_ዳዋ»ም «ድሬ ዳዋ»ም አንድ ይሆናሉ። ለሁለተኛው የጥያቄ ምልክት አለላችሁ። "*ቁ?ቢ*" ብትሉ የጥያቄ ምልክቱ በአንድ ፊደል ቦታ ስለሚቆም ሁለቱንም ያመጣል።

ከተማችን ደግሞ በአንድ ቋንቋ ብቻ አይጽፍም። አንዱ ፋይል በአማርኛ ድሬዳዋ ይባላል፣ ሌላው በአፋን ኦሮሞ ወይም በሶማልኛ አጻጻፍ በላቲን ፊደል ተቀምጧል፤ በሶማልኛ ዲሪዳባ ነው። ይህን ሞክሼ ፊደልን ወደ አንድ በመመለስ አታገኙትም። ስክሪፕቱ አንድ ስም ሳይሆን የስሞች ዝርዝር እንዲቀበል አድርጉት።

በፋይሉ ውስጥ ያለ ቃል ስፈልግ ምንም አያመጣም። ቃሉ ግን ሰነዱ ውስጥ አለ።

ሁለት ምክንያት ይኖረዋል። ዶክስ የሚባለው የወርድ ሰነድ ዚፕ ሆኖ የታሸገ ነው። ግሬፕ (በፋይል ውስጥ ቃል የሚፈልግ ትእዛዝ) ከውጭ ሆኖ ሲያየው የታሸገውን ነው የሚያየው፣ ስለዚህ ቃሉን አያገኝም። ተፈትቶ መነበብ አለበት፤ ፓይተን ለዚህ ቤተ መጻሕፍት አለው። ከተፈታም በኋላ ወርድ አንዱን ቃል በሁለትና ሦስት ቁራጭ ከፋፍሎ ሊያስቀምጠው ስለሚችል ጽሑፉን አገጣጥማችሁ ፈልጉ።

ሁለተኛው የድሮ ሰነድ ነው። በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ ሰነዶች ስክሪን ላይ አማርኛ ይመስላሉ እንጂ ከሥራቸው ያለው የላቲን ፊደልና ምልክት ነው። ፎንቱን ብትቀይሩት ዝብርቅርቅ ሆኖ ይወጣል፤ መለያው ይሄ ነው። እነዚህን ወደ ዩኒኮድ ሳይቀይሩ በአማርኛ ቃል መፈለግ አይቻልም። መዝገብ ክፍል የምትሠሩ ከሆነ አሮጌዎቹን ሰነዶች ዛሬ ነገ ሳትሉ ቀይሩ። ፎንቱ የተጫነበት አሮጌ ኮምፒውተር የተበላሸ ቀን ሰነዱን ማንበብም አዳጋች ይሆናል።

ስህተት ሳያሳይ ይጨርሳል፣ ግን የተወሰኑ ፎልደሮችን የዘለለ ይመስለኛል።

ዘሎ ይሆናል። የፓይተን ዎክ መግባት ያልተፈቀደለት ፎልደር ሲያጋጥመው ካልተነገረው በቀር ዝም ብሎ ያልፋል። ኦንኤረር የሚለውን ሞልታችሁ የዘለላቸውን ፎልደሮች እንዲያትም አድርጉ። ፋይንድ በተፈጥሮው «ፐርሚሽን ዲናይድ» ይላል፤ ነገር ግን ብዙ ሰው ስክሪኑ እንዳይጨናነቅ ስህተቱን ወደ ዴቭ ነል (የገባበት ሁሉ ወደሚጠፋበት ቦታ) ይጥለዋል። እንደኔ ያንን መስመር ከስክሪፕታችሁ ውስጥ አውጡት። ስህተቱን ማየት ካልፈለጋችሁ ወደ ሎግ ፋይል ላኩት እንጂ አትጣሉት። ችግር ሲመጣ መልሱ ያለው እዚያ ነው።

የቁልቢ ገብርኤልን ፎቶዎች በቀን ስፈልግ የተሳሳተ ቀን ያመጣል።

ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። ሐምሌ 19 ሁልጊዜ ጁላይ 26 ስለሆነ አያስቸግርም። ታኅሣሥ 19 ግን ጳጉሜ 6 ከሆነችበት ዓመት ማግስት በአንድ ቀን ይገፋል። በ2016 የዋለው ዲሴምበር 29 ቀን 2023 ነበር፣ በ2017 የዋለው ዲሴምበር 28 ቀን 2024። አንድን የቀን ልዩነት በጭፍን የሚደምር ስክሪፕት በየአራት ዓመቱ የአንድ ቀን ስህተት ይሠራል። ለጥንቃቄ ከፊትም ከኋላም አንድ ቀን ጨምራችሁ ፈልጉ።

ሊኑክስ ላይ በተራ ሲፒ የተገለበጠ ፋይል የተቀየረበት ቀን የተገለበጠበት ይሆናል፤ ፒ የሚለውን አማራጭ ጨምሩ። አሮጌ ዴስክቶፕ ከሆነ የማዘርቦርዱን ባትሪም እዩ። ባትሪው ከሞተ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ሰዓቱ ዓመታት ወደኋላ ይመለሳል፣ የዚያን ቀን ሥራ ሁሉ በአሮጌ ቀን ይመዘገባል። ለፎቶ ከሆነ ካሜራው ፎቶው ውስጥ የጻፈውን ቀን ማንበብ ይሻላል፤ የካሜራው ሰዓት ልክ ከሆነ ማለት ነው።

የካሜራውን ቁጥር ሰጥቼው ሌላ ሰው ፎቶ አመጣ።

ካሜራዎች ፎቶ የሚቆጥሩት እስከ 9999 ነው። ከዚያ 0001 ብለው እንደገና ይጀምራሉ። ሰርግ በበዛበት ወቅት ቁጥሩ ቶሎ ይዞራል፣ ሁለት ካሜራ ያለው ፎቶ ቤት ከሆነማ ወዲያው ይደጋገማል። ስክሪፕታችሁ የመጀመሪያውን ባገኘ ጊዜ የሚያቆም ከሆነ የማንን ሰርግ እንደሚያመጣ አይታወቅም። ሁሉንም አግኝቶ ከነፎልደሩና ከነቀኑ እንዲዘረዝር፣ ምርጫውን ለሰው እንዲተው አድርጉት። የሰው የቤተሰብ ፎቶ ለማያውቀው ሰው ታትሞ መሰጠቱ ከባድ ነገር ነው።

ፍለጋው በጣም ይንቀራፈፋል። ማፍጠኛ አለው?

ሙሉ ዲስኩን አታስፈልጉት፣ ፎልደሩን አጥብቡለት። ዊንዶውስ ላይ ኤቭሪቲንግ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ኤንቲኤፍኤስ (ዊንዶውስ ፋይል የሚያስቀምጥበት የዲስክ አደረጃጀት) የሆነ ዲስክን በቅጽበት ያስሳል። ሊኑክስ ላይ ሎኬት አለ፤ ግን እሱ የሚያየው የተዘጋጀ ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ ብዙውን ጊዜ በቀን አንዴ ስለሚታደስ ከሰዓታት በፊት ያስቀመጣችሁትን ላያውቀው ይችላል። አፕዴትዲቢ ብላችሁ አድሱት።

በእጄ ሳስኬደው ይሠራል። ሌሊት በክሮን ሲነሳ ግን የአማርኛ ስሞችን አያገኝም።

መጀመሪያ ሰዓቱን አረጋግጡ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ለማለት ክሮን ላይ 8 ከጻፋችሁ የሚነሳው ጠዋት 2 ሰዓት፣ ሥራ ሲጀመር ነው። የሚጻፈው 2 ነው።

ሰዓቱ ልክ ከሆነ የቋንቋ ቅንብሩን እዩ። እናንተ ተርሚናል ስትከፍቱ ላንግ የሚባለው ተለዋዋጭ ዩቲኤፍ-8 (የዩኒኮድ ፊደል በባይት የሚቀመጥበት መንገድ) ሆኖ ይጠብቃችኋል። ክሮን ግን ባዶውን ሊነሳ ይችላል። ያኔ ፋይንድ ፊደል ሳይሆን ባይት ይቆጥራል። አንድ የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 3 ባይት ነው። የጥያቄ ምልክት በአንድ ባይት ቦታ ብቻ ስለሚቆም "*ቁ?ቢ*" ቁልቢን አያገኝም። በቅንፍ የጻፋችሁት የ«ሀ» ዝርዝርም ይሰባበርና ወይ ያልፈዋል ወይ የማይገናኝ ስም ይዞ ይመጣል። ሙሉ ስም በጥሬው ከፈለጋችሁ ግን ይሠራል፤ ባይቶቹ አንድ ናቸውና። ችግሩ ግራ የሚያጋባውም ለዚህ ነው። ክሮን ፋይሉ አናት ላይ ላንግን ሲ.ዩቲኤፍ-8 አድርጋችሁ ሙሉት።

ዊንዶውስ ላይ ያለው ፋይል ወደ ሊኑክስ ሰርቨር ሲገለበጥ ጠፋ። ስክሪፕቱም አያገኘውም።

የፋይሉን ስም ርዝመት ቁጠሩ። ዊንዶውስ ኤንቲኤፍኤስ ላይ ለአንድ ስም 255 ፊደል ይፈቅዳል፣ የአማርኛውም ፊደል እንደ አንድ ይቆጠራል። ሊኑክስ ኤክስት 4 (የሊኑክስ የዲስክ አደረጃጀት) ላይ ግን ወሰኑ 255 ባይት ነው። ለሦስት ሲካፈል 85 የአማርኛ ፊደል ብቻ ማለት ነው፣ ከነጥቡና ከቅጥያው ሌላ ይቀነስበታል። «በድሬዳዋ ከተማ» ብሎ ጀምሮ የደብዳቤውን ጉዳይ፣ ቁጥርና ቀን ሁሉ ስሙ ላይ የሚደረድር መዝገብ ክፍል ይህን በቀላሉ ያልፈዋል። መገልበጫው ስህተት ብሎ ያልፈውና ሌሎቹን ይቀጥላል፤ ሎጉን ያላየ ሰው ሁሉም የተገለበጠ ይመስለዋል።

ዊንዶውስም በበኩሉ ከነፎልደሩ ሙሉ አድራሻ ላይ የ260 ፊደል ገደብ አለው። ከዊንዶውስ 10 የ2016ቱ እትም ወዲህ ገደቡን ማንሳት ይቻላል፣ ግን በእጅ ነው የሚከፈተው፣ ፕሮግራሙም መደገፍ አለበት። ስለዚህ ከመገልበጣችሁ በፊት ስክሪፕቱ ስሞቹን በባይት እየለካ ከ255 በላይ የሆኑትን ለብቻ እንዲዘረዝር አድርጉ። እነሱን በእጅ አሳጥሩ። ከተገለበጠ በኋላም በሁለቱም በኩል ያለውን የፋይል ብዛት አስተያዩ፤ ልዩነት ካለ ከዊንዶውሱ ላይ ምንም አትሰርዙ።